የጋሽ ሰማንያ ሚዛን

ጥቅምት 4

ለወንድሜ፣ ለማሙሽዬ (ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞላኝ ብለህ አትኩራብኝ፣ ለኔ ያው ነህ)፤

ጤናህን፣ ጉልበትህን፣ ሥራህን ፈጣሪ ይጠብቅልህ። እኔ ካንተ ናፍቆትና ከግራ ትከሻዬ በስተቀር ደህና ነኝ። የትከሻዬ ጥፋት የራሴ ነው። የዘንድሮው የተማሪ ዩኒፎርም ሁለት መቶ አሥር ነበር፣ ሁሉንም እኔ ካልሰፋሁ ብዬ ነው።

አሁን ቁጭ በል። ቁጭ ብለሃል? ልጄ፣ ያቺ "ለምን" ስትል ውላ "ለምን" ስትል የምታድረው ለምኔ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባች በሳምንቷ ራት ላይ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እማ፣ አጎቴ ያለበት አገር ላሉት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ላመለክት ነው።" ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። "የትኞቹ ትልልቅ?" አልኳት። "እነዚያ ዓለም በሙሉ የሚያውቃቸው" አለችኝ፣ ውሃ አቀብዪኝ እንደማለት አድርጋ! ሦስት መርጣለች። ሦስቱም የተቀበሉትን ልጅ ወጪ ራሳቸው ይችላሉ አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ደስታ ነው መሰለኝ።

እኔ መቼም ትምህርት እምቢ ያለኝ ሰው ነኝ፣ የዚህን ነገር መያዣ መጨበጫውን አላውቀውም። አንተ ግን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ምን ያህል ዕድል አላት? እውነቱን ንገረኝ። ደግሞ ብርዱ እንዴት ነው? የካፖርቷ ርዝመት እስከ ጉልበት ይበቃል ወይስ ይለፍ?

በስልክ የማልጠይቅህ ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ መጋረጃ ስለሆነ ነው፤ ለምኔ ሁሉን ትሰማለች። ይህን በእጄ ጽፌ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ሴትዮ በኢሜይል ትልክልኛለች። አንተም በሷ በኩል መልስልኝ፣ አትማ ትሰጠኛለች።

እህትህ

ጥቅምት 19

እናታችን ካረፈች ወዲህ እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእታለም፤

ትከሻሽን ይማርልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ አነበብኩትና ጮህኩ። ጓደኛዬ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሎት ማብሪያ ማጥፊያውን ሊያጠፋ ሮጠ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ እውነት ነው። የምሠራው ግን ሊፍት ነው። ፕሮፌሰሮቹ የሚያውቁኝ ሁለት ፎቅ መሃል ሲቆምባቸው ነው። ሰፈር ውስጥ ምን ብለሽ እንዳወራሽ እገምታለሁ፣ ስለዚህ ቀስ እያልሽ አውርጂኝ።

ዕድሏን እውነቱን በለኝ ስላልሽ ልንገርሽ። እነዚያ የመረጠቻቸው ቤቶች ከመቶ አመልካች የሚቀበሉት አራት ነው። አራት! ዘጠና ስድስቱ ደግሞ ሰነፎች አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው በየአገራቸው አንደኛ የወጡ ናቸው። የሚፈልጉት ማርክ፣ ራሷ የምትጽፈው ጽሑፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በደንብ የሚያውቃት አስተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። በዚያ ነው አንዱን ከሌላው የሚለዩት። ማመልከቻው ታኅሣሥ 23 ይዘጋል።

ካፖርቱ ከጉልበት ይለፍ። ገበሩ ድርብ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ ይሁኑ፣ በጓንት ትንሽ ቁልፍ አይያዝም። ግን እታለም፣ አደራሽን፣ ገና ነው። ጨርቅ እንዳትቆርጪ።

ወንድምሽ

ኅዳር 2

ለሊፍቱ ሐኪም፣ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ጋ ደህና ነው፣ ደህናም ብቻ አይደለም!

ከመቶ አራት አልክ። እና ምን ይጠበስ? አራት ሰው ይገባል ማለት ነው፣ እሷ አንዷ ናት። ደግሞ የምታመለክተው ሦስት ቦታ ነው። አንዱ የሚጥላት ዕድል ዘጠና ስድስት ከመቶ ከሆነ፣ ሦስቱም የሚጥሏት ዕድል ያንኑ ሦስት ጊዜ ስታባዛው ሰማንያ ስምንት ተኩል ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ የሚቀበላት ዕድል አሥራ አንድ ተኩል ከመቶ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ከአራት አይሻልም? እንዲህ ነው እንጂ ሰውን የሚያጽናኑት!

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ ልግባ። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፉላት የሒሳብ መምህሯ ናቸው፣ ጋሽ ሰማንያ። አንተን አላስተማሩህም፣ ግን ዝናቸውን ሰምተሃል። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረው ከሰማንያ በላይ ማርክ ሲሰጡ ያየ የለም ይባላል። "መቶ የፈጣሪ፣ ዘጠና የመምህሩ፣ የቀረውን ተማሪ ይካፈለው" ነው የሚሉት። ሰው ፊት ለፊት አመስግነው አያውቁም። እሳቸው ደብዳቤውን በእጃቸው ጽፈው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት እንዲተየብ ሳያሽጉ ሰጡኝና "አንብቢው፣ የምደብቀው ነገር የለኝም" አሉኝ። እንዲህ ይላል፦

"ይህችን ልጅ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአታለሁ። አትከፋም። ያልገባትን ገባኝ አትልም። በኔ ትምህርት 84 አምጥታለች።"

አትከፋም! ጋሽ ሰማንያ! መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ እልሃለሁ። ሱቅ ያሉት ሰውዬ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ወንበር አወጡልኝ።

ጨርቁን ቆርጫለሁ። አትቆጣኝ።

እህትህ

ኅዳር 5

እታለም፣

ጤና ይስጥልኝ፣ ሌላው ሰላምታ ይቆይ። ደብዳቤው ተልኳል? ካልተላከ እንዳይላክ! ሴትዮዋ ጋ ሩጪ!

እኔና አንቺ ጋሽ ሰማንያ "አትከፋም" ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገባናል። እዚህ ግን "አይከፋም" የሚባለው ጨው ለጎደለው ሾርባ ነው። እዚህ አስተማሪ ሁሉ "በሕይወቴ እንዲህ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም" ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ያውም ለሠላሳውም ተማሪ። 84 ደግሞ እነሱ ዘንድ የደከመ ልጅ ማርክ ነው። ከጎኗ የሚቀመጡት 98 እና 99 ይዘው ነው የሚመጡት።

እባክሽን ለምኚያቸው። "ድንቅ" ይበሉ። "ብርቅ" ይበሉ። አንዲት ቃል ናት! ልጅቷ በአንዲት ቃል ልትወድቅ ነው።

ስለ ዕድሉ ያሰላሽው ልክ ነው፣ በሒሳብ ማሽን አየሁት። ማን ሠራልሽ? ለምኔ ናት?

ወንድምሽ

ኅዳር 21

ለወንድሜ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። አሥራ ስድስት ቀን የዘገየሁት አኩርፌ ነው። ማንን እንዳኮረፍኩ ገና አልለየሁም፣ አንተም ሳትኖርበት አትቀርም።

ደብዳቤው አልተላከም፣ አስቁሜዋለሁ። ከዚያ ጋሽ ሰማንያ ጋ ሄድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ መምህርና ማርክን የጨመረበት ግን የለም። "ጋሼ፣ አንዲት ቃል ይጨምሩልኝ" አልኳቸው።

"የትኛዋን?"

"ድንቅ የምትለዋን።"

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ። አንዲት ልጅ ልኳ ሠላሳ ስምንት ሆኖ እናትየዋ አርባ ሁለት አድርጊልኝ፣ ትልቅ ትምሰልልኝ ብትልሽ ትሰፊያለሽ?"

"አልሰፋም።"

"እንግዲህ።"

በራሴ መቀስ ቆረጡኝ። እቤት ገብቼ ለለምኔ ብነግራት ደግሞ ለሳቸው ወገነች። "84ቷን በላቤ ነው ያመጣኋት እማ፣ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ለምን ይዋሹልኛል?" ብላ መጋረጃውን ዘጋችው። ትንሽ ቆይቶ ግን አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። ይህን ነገር በጣም ነው የምትፈልገው ማሙሽዬ። ጽሑፏን አሥራ አንድ ጊዜ ነው የጻፈችው።

ሒሳቡን ማን ሠራልሽ ላልከው፣ ሰው ዕድሜ ልኩን ጨርቅ ሲያካፍል ሒሳብ ይለምዳል። ካፖርቱ አልቋል፤ እጅጌውን ብቻ አልገጠምኩም። መልሱ ሳይመጣ እጅጌ መግጠም ፈራሁ።

እህትህ

ታኅሣሥ 3

ለእታለም፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ኩርፊያሽ ይነስ። ደርሶልናል! ከየት እንደደረሰልን ብነግርሽ አታምኚኝም።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ሌላ ኮሌጅ (ለምኔ ከመረጠቻቸው ከሦስቱ አይደለም) ሊፍት ቆመ ብለው ጠሩኝ። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሃል አንዲት ሴትዮ ብቻዋን ተይዛለች። ከላይ ሆኜ እየፈታሁ "አይዞሽ" ስላት "ዝም አትበለኝ፣ የሆነ ነገር አውራኝ፣ ልሞት ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ወር ከአንድ ነገር ሌላ ወሬ አለኝ? ስለ ለምኔ፣ ስለ ጋሽ ሰማንያ፣ ስለ 84፣ ስላንቺ መቀስ ሁሉንም ዘከዘክሁላት። እየተንቀጠቀጠች ሳቀች። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እኔኮ የምሠራው አዲስ የሚገቡ ተማሪዎችን የሚመርጠው ክፍል ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት የድጋፍ ደብዳቤ አንብቤአለሁ።"

መፍቻው ከእጄ ወድቆ ጣሪያው ላይ ጓ አለ፤ እንደገና ጮኸች።

እንዲህ አለችኝ፦ "ድንቅ የሚለውን በቀን መቶ ጊዜ ስለምናነብ ዓይናችን አልፎት ነው የሚሄደው። ሰውየው ቃላቸውን አይለውጡ። ግን ሚዛናቸውን ካላሳዩን 84 ከባድ ይሁን ቀላል በምን እናውቃለን? ስንት ተማሪ አስተማሩ? ስንቱ ከሰማንያ አለፈ? ከሷ የበለጠስ አለ? ያንን ይጻፉልን።" አርባ አምስት ደቂቃ ነው ያወራነው። በሩን ልከፍት ስል "ቆይ፣ ይህን ልጨርስልህ" አለችኝ፣ ስትጮህ የነበረችው ሴትዮ!

ሩጪ እታለም! መዋሸት የለበትም፣ መቁጠር ብቻ ነው። ለመቁጠር ደግሞ ጋሽ ሰማንያን ማን ያህላቸዋል?

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 14

ለወንድሜ፣ እጆችህ ይባረኩ፣ ያቺ ሴትዮም ሊፍት አይቁምባት፤

ነገርኳቸው። "ይሄ ጥያቄ ነው" አሉ። ቁም ሳጥናቸውን ከፈቱ። ሠላሳ አንድ የማርክ ደብተር ማሙሽዬ፣ አንዱም ሳይጠፋ! የየገጹ ጥግ በእርሳስ ቁጥር ተጽፎበታል። ሁለት ቀን እሳቸው እያነበቡ እኔ እየደመርኩ ዋልን፤ የስፌት መኪናዬ ሥራ ፈትታ፣ ደንበኞቼ በር ላይ እየተሳደቡ። በሠላሳ አንድ ዓመት አራት ሺህ ሠላሳ ስድስት ተማሪ አስተምረዋል። ከሰማንያ ያለፈው ስንት መሰለህ? ሰባት! ከአራት ሺህ ሠላሳ ስድስት ሰባት! ለምኔ ሁለተኛ ናት።

አንድ የሚበልጣት አለ፣ 86። ማን እንደሆነ ምን ያደርግልሃል፣ ድሮ የቀረ ነገር ነው።

ደብዳቤውን አዲስ አድርገው ጻፉት። "አትከፋም" የምትለዋ አልተነካችም፤ ከሥሯ ግን ቁጥሩ ሁሉ ተደርድሯል። ከፎቶ ኮፒ ቤት በራሳቸው እጅ ላኩት። ቅጂውን ይኸው ልኬልሃለሁ። መሃል ላይ በጨርቅ ቁራጭ የሸፈንኩት መስመር የማይረባ ስለሆነ ነው፣ አትጨነቅበት። የእጅጌው ገበር ምን ይሻላል፣ ሳቲን ወይስ ጥጥ?

እህትህ

ታኅሣሥ 17

እታለም፣

ሳቲን ይሻላል። እጅ ቶሎ ያስገባል።

ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ በማሽን አንስታ ሁለቱንም ልካልኛለች። አንደኛው ላይ የዩኒፎርም ጨርቅሽ አለ፤ አንደኛው ላይ የለም። ጨርቁን ሳታስቀምጪ ያነሳችው መሰለኝ። እንዲህ ይላል፦

"ከ84 በላይ የሰጠሁት በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 86። የዚህች ተማሪ እናት ናት። የአሥራ አንደኛ ክፍልን ሁለተኛ ሴሚስተር አልተማረችም፤ እናቷ ሞታ ታናሽ ወንድሟን ለማሳደግ መርፌ ያዘች። ቦታው በደብተሬ ላይ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።"

ሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር። "ትምህርት ጭንቅላቴ አልገባ አለኝ፣ ስለዚህ ተውኩት" አልሽኝ። አመንኩሽ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አመንኩሽ። ያንቺን እህል እየበላሁ ሞያ ስማር፣ ሰው "እህትህስ?" ሲለኝ "እሷ ትምህርት አይሆንላትም" እላቸው ነበር። ይህን አፌን ምን ላድርገው? ምነው እታለም? ምነው አንድ ቀን እንኳን?

እወድሻለሁ። እንዲህ ተባብለን አናውቅም፤ ዛሬ ብያለሁ።

ወንድምሽ

የካቲት 6

ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ሰባት ሳምንት የዘገየሁት እየጻፍኩ ስቀድ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቷን ሴትዮ ደግሞ ሦስት ሳምንት አላናገርኳትም፣ ከዚያ ማሽን ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች ታረቅን።

ብነግርህ ትምህርትህን ትተህ ሥራ ልያዝ ባልክ ነበር፣ አመልህን አላውቅ? ስምንት ዓመትህ ላይ ጫማ እጠርጋለሁ ብለህ ሳጥን የሠራኸው ተረሳህ? ስለዚህ ሰነፍ ነኝ አልኩ፣ ተገላገልን። ሰነፍ መባል እንደሆነ ሆድ አያስርብም።

ለለምኔ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ካወቀች የኔን ያልተማርኩትን ሁሉ ጀርባዋ ላይ ጭና ነው የምትሄደው። የራሷን ሻንጣ ብቻ ትያዝ። ጋሽ ሰማንያንም ያንን መስመር ያጥፉልኝ ብዬ ለምኜ ነበር፣ "ቁጥር አይጠፋም" አሉኝ።

እኔም እንደዚያው። አንተ ያልከውን ማለቴ ነው። ገብቶሃል።

እህትህ

መጋቢት 17

እታለም፣ ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤቱ፤

በዚህ ሳምንት ነው የሚነግሯቸው። ሐሳቤ ሁሉ እናንተ ጋ ሆኖ ትናንት ወደ ላይ የሚሄደውን ሊፍት ወደ ታች አድርጌ ገጠምኩት። ምንም ይምጣ ምን፣ በዚያችው ሰዓት ጻፊልኝ። ቢጥሏትም ለኔ ከአራት ሺህ ሠላሳ ስድስቱ ሁለተኛዋ ናት።

ወንድምሽ

መጋቢት 22

ማሙሽዬ! ማሙሽዬ! ማሙሽዬ!

ሰላምታ የለም ዛሬ!

ሐሙስ ከሰዓት ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተሩ ፊት ሄድን። ለምኔ፣ እኔ፣ ሴትዮዋ፣ ወንበር ያወጡልኝ ባለሱቅ ሰውዬም አሉ። የመጀመሪያው መጣ። እምቢ። ሁለተኛው መጣ። እምቢ። ለምኔ ከንፈሯን ነክሳ "አሥራ አንድ ተኩል ብቻ ነበር እኮ እማ" አለችኝ። ሦስተኛውን ሴትዮዋ ናት የከፈተችው። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላውቅም። ባለሱቁ "ገባች! ገባች!" እያሉ መንገድ ላይ ወጡ። ሴትዮዋ ስትዘል ማሽኑን ነክታው ባዶ ወረቀት እየተፋ መሬቱን ሞላው። ልጄን አቅፌ እልል አልኩ፣ ትከሻዬን እንኳን ረሳሁት። ገባች ወንድሜ! ከመቶ አራቱ አንዷ የኔ ልጅ ናት!

ታዲያ የተቀበሏት ደብዳቤ ግርጌ ላይ አንድ ሰው ከራሱ ጨምሮ እንዲህ ጽፎላታል፦ "መምህርሽን ሚዛናቸውን ስላሳዩን አመስግኝልን። እናትሽንም እንኳን ደስ አለሽ በያት፤ አሁንም በሁለት ነጥብ ትመራሻለች።"

ለምኔ ዞር ብላ አየችኝ። "እማ? ምን ማለታቸው ነው? ለምን?"

ያንን የምሸፍንበት ጨርቅ በእጄ አልነበረም። ነገርኳት። እዚያው ባዶ ወረቀት ላይ ተቀምጠን፣ ሁሉንም። አልቅሳ ስትጨርስ ተቆጣች፣ ተቆጥታ ስትጨርስ እጄን ይዛ ጋሽ ሰማንያ ቤት ወሰደችኝ።

ሰውዬው ወሬውን ሰምተው "አትከፋም አላልኩም?" ብቻ አሉ። ግን መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ የሃያ ስምንት ዓመቱን ደብተር አወጡና የኔ ስም ያለበትን ገጽ ከፍተው ባዶዋን ሳጥን በጣታቸው መቱልኝ። "የማታ ትምህርት አስተምራለሁ። ሴሚስተሩ ከተጀመረ ስድስት ሳምንት ሆኖታል፤ ያመለጠሽን ቅዳሜ ቅዳሜ አካክስልሻለሁ። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ስለምወጣ ይህቺን ባዶ ትቼ መሄድ አልፈልግም።"

አርባ አምስት ዓመቴ ነው አልኩ። ትከሻዬ አልኩ። ደንበኛ አልኩ። ለምኔ "ለምን አትችይም?" አለችኝ፤ ዕድሜዬን ሁሉ ለልጅቷ "ለምን" መልስ አጥቼ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን በመልስ ፈንታ ስሜን አስመዘገብኩ።

ለማታ ተማሪ ዩኒፎርም ግዴታ አይደለም ብለውኛል። ይሁና! ሃያ ስምንት ዓመት ለሰው ልጅ ስሰፋ ኖሬ ለራሴ አንዲት ቢኖረኝ ማን ይከለክለኛል? ትናንት ቆረጥኩት። ልኬን የወሰደችው ለምኔ ናት። ሜትሩን ወገቤ ላይ አዙራ ቁጥሩን ስትጽፍ "ልጄ፣ ጎበዝ ነሽ" አልኳት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከኔ አፍ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። "አትከፊም ማለትሽ ነው?" አለችኝ፣ እየሳቀች እያለቀሰች።

"አይደለም" አልኳት። "ጎበዝ።"

የካፖርቷን እጅጌ ገጥሜአለሁ፣ በሳቲን። መስከረም ላይ አየር ማረፊያ ቆመህ ጠብቃት፣ ከሩቅ ትለያታለህ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ ናቸው። ለኔም ጸልይልኝ፤ ሰኞ ፈተና አለብኝ፣ ፈታኙ ደግሞ ጋሽ ሰማንያ ናቸው።

እህትህ፣
የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ